አዞውን ማን አነሳው?

ሉዋንግዋ ሸለቆ፣ ዛምቢያ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994

ለአክስቴ ለጋሌቦዌ፣ ሞሌፖሎሌ

የአባቴ እህት፣ እናትም አባትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ፍየሎችሽስ አሁንም የጎረቤታችንን የሴሊናን ጎመን ይበላሉ? ዝናቡ ከደጃፍሽ አይራቅ፣ ድስትሽም አይጉደል። እኔ ከትንኝ በቀር ጠላት የለኝም፤ ደህና ነኝ።

ቃሌን ጠብቄ ፎቶ ልኬልሻለሁ። ትልቁ የዝሆን ነው። በልጅነቴ እንቅልፍ እምቢ ስል «ትሎው መጣልህ!» እያልሽ ታስፈራሪኝ የነበረው ትሎው እሱ ነው፤ አሁን እኔ ነኝ ተደብቄ የማስፈራራው። ከዝናብ በኋላ የወጣች ፀሐይ ጎኑ ላይ አርፋ ቆዳው ቀይ ሸክላ መስሏል። ያንን ቀለም ለመያዝ ጭቃ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ረፍዶብኛል፤ ሸሚዙን አንቺ ብታዪው ከነእኔ ታቃጥዪው ነበር። ሌላው የነብር ነው፤ ዛፍ ላይ ጅራቷ ብቻ ነው የሚታየው፣ ግን ጅራቱን እዪልኝ።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ትኮሪብኛለሽ። ባለፈው ሳምንት የካምፑን ባለቤት ሄዝሌትንና እንግዶቹን ይዤ ወንዝ ዳር ነበርኩ። አንዲት አጋዘን ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ውሃው ፈነዳና አዞ ያዛት። የሁሉም ካሜራ ይንጫጫል። እኔ ሌንሴን ወደ ላይ አዙሬ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ወፍ አነሳሁ። ሄዝሌት ሊፈነዳ ደረሰ።

«አብደሃል እንዴ? የዓመቱ ፎቶ አመለጠህ እኮ!»

«እኛ አዞን የምንጨፍር ሰዎች ነን» አልኩት።

«አሁን ጭፈራ ምን አመጣው?» አለኝ። ለነጭ «ምን ትጨፍራለህ?» ብትይው ከበሮ ነው የሚጠብቀው። ዘራችን በእሱ ስም እንደሚጠራ፣ እንደማንበላው፣ እንደማንነካው፣ ዓይናችንንም እንደማንጥልበት እስካስረዳው ድረስ አጋዘኗም አልቃለች። እንግዲህ ከእኔ ካሜራ አዞ እንደማይወጣ አውቆታል፤ እየተነጫነጨም ቢሆን ተቀብሎታል።

የቦንትሌን ፎቶ ላኪልኝ። ወሬ አይደለም፣ ፎቶ! «እህትህ አድጋለች» ማለት ለእኔ ምንም አይነግረኝም፤ ልያት።

ልጅሽ ሞጋፒ


ሞሌፖሎሌ
ማርች 20 ቀን 1994

ለልጄ ለሞጋፒ

ሰላምታዬ ከጭቃህ አውጥቶ ያጥብህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ አልልም፤ ገና ብዙ ይቀርሃል።

የዝሆኑን ፎቶ ሴሊና «ለአንድ ቀን አውሺኝ» ብላ ወስዳ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። ሰው ሲመጣ «የጎረቤቴ ልጅ» ማለቷን ትታ «ልጃችን» ማለት ጀምራለች። ነብሯን ግን አልሰጥም። ጅራት ብቻ ያለው ነብር ማን ይሰርቃል ብለህ አትቀልድ።

በአዞው ያደረግከውን ሰምቼ ሆዴ ሞላ። የአያትህ ወንድም አንድ ጊዜ የሞተ አዞ ሰዎች ሲገፍፉ ቆሞ በማየቱ ዓይኑ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ፣ በልጅ እየተመራ ነው የሞተው። ዘመን ተለወጠ የሚሉኝን «አንተ ሂድና እይ» እላቸዋለሁ፤ እስካሁን የሄደ የለም።

ዋናው ወሬ ይኸውልህ። የታማጋ ሰዎች ለቦንትሌ ሽማግሌ ልከዋል። ልጁ አናጢ ነው፣ ትሑት ነው፣ እግሩ ትልቅ ነው። እኔን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠፋዋል። ወድጄዋለሁ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። የጥሎሹን ከብት መከሩ ከገባ በኋላ በኦገስት ያመጣሉ። ከብቱን በረት በር ላይ ቆሞ የሚቀበለው የቤቱ ወንድ ነው፤ አባትህ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የቤቱ ወንድ አንተ ብቻ ነህ። ያንተ አፍ «ተቀብያለሁ» ካላለ ቦንትሌ ከዚህ ግቢ አትወጣም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ለነጩ ንገረውና ትመጣለህ። ያኔ ፎቶዋን ሳይሆን ራሷን ታያለህ።

አክስትህ ጋሌቦዌ


ሉዋንግዋ ሸለቆ
ጁን 18 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጋሌቦዌ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤትዎ፣ ቤተ ዘመድዎና ከብትዎ ሁሉ ሰላም ይሁኑ። ሳልጽፍልዎ በመቆየቴ ይቅርታ እለምናለሁ። ከመኪና ስወርድ ቀኝ እጄን ወለም ብሎኝ ነበርና ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ባይሆን አይደንግጡ። በተረፈ ደህና ነኝ።

እዚህ ዝናቡ ቆሟል። ቶዎቹ ሌሊት ሌሊት ወደ ካምፑ እየመጡ ፍሬ ይለቅማሉ። ሥራ በዝቶብኛል፤ በኦገስት መምጣት የምችል አይመስለኝም። ከብቱን በእኔ ስም ሌላ ሽማግሌ ቢቀበልልኝ ምን ይመስልዎታል? ቦንትሌ እንዳትቀየመኝ ይንገሩልኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ፎቶ አይላኩልኝ። ይልቅስ ረጅም ረጅም ደብዳቤ ይጻፉልኝ። የግቢው በር ሲከፈት አሁንም ያቃስታል? ጠዋት ጠዋት የጎመኑ ሽታ ከየት በኩል ይመጣል? ቦንትሌ ስትስቅ ድምፅዋ ወፍሯል ወይስ እንደ ልጅነቷ ነው? እርስዎስ ልብስ ሲሰፉ አሁንም ያንጎራጉራሉ? ትንሹን ነገር ሁሉ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ልጅዎ ሞጋፒ


ሞሌፖሎሌ
ጁላይ 10 ቀን 1994

ለሞጋፒ፣ ሞጋፒ ከሆንክ

ሰላም ነው? እኛ ሰላም ነን። ሰላምታው ይብቃን፤ የምጠይቅህ አለኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ «እርስዎ» የምትላት ሴት ማን እንደሆነች ለማየት ዞር ብዬ ከኋላዬ ተመለከትኩ። ማንም የለም። በቁንጥጫ ያሳደግኩህ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው «ወይዘሮ» የሆንኩብህ? ወለም ያለህ እጅህ ነው ወይስ ምላስህ? ዝሆንን «ቶው» ብለህ ጽፈሃል። የእኛ ሰው ትሎው ነው የሚለው። አባትህ ከማዕድን ማውጫው አንድ የዛምቢያ ሎዚ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር፤ ያ ሰው «ቶው» ባለ ቁጥር አንተ መሬት ላይ እየተንከባለልክ ትስቅ ነበር። አሁን ማን ነው ያንተን ምላስ የለወጠው?

«ወሬ አይደለም፣ ፎቶ» ስትል የነበርክ ልጅ ዛሬ ፎቶ አይላኩልኝ ትላለህ። የበሩን ማቃሰትና የጎመኑን ሽታ ምን ልታደርገው ነው? ቤታችንን ልታጠና የመጣህ ሌባ ነው የምትመስለው። በሩ ያቃስታል። ውሻም አለን።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ይኸውልህ። ለፍየሏ መድኃኒት ልገዛ የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ገባሁ። አዲስ ፖስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል፤ ያንተ ጥብቅ ስፍራ ማስታወቂያ ነው። አዞ። ከበሩ ጀምሮ አዞ ብቻ። ፊቴን አዞርኩ፤ ግን ዓይኔ ከማምለጡ በፊት ከግርጌው የተጻፈውን አነበበ። «ፎቶ፣ ሞጋፒ ሌንትስዌ» ይላል። ያንተ ስም፣ የወንድሜ ስም። መድኃኒት ሻጩ «ምነው እማማ፣ ያንቺ ልጅ አይደለ? ኩሪበት እንጂ!» አለኝ። እሱ ዝንጀሮን ከሚጨፍሩት ነው፤ ምን ገዶት።

የሸንጎው ወሬም ሌላ አይደለም። ሽማግሌው ራ-ትሺፖ «የሌንትስዌ ልጅ ራሱን ሸጠ» ብሏል። ማታ ዓይኔ ሲቆረቁረኝ አደረ። ሴሊና የሽንኩርቱ ነው ትላለች። ሽንኩርት መክተፌ እውነት ነው፤ ቢሆንም አልወደድኩትም።

እንግዲህ ቁርጡን ንገረኝ። አዞውን ማን አነሳው? አንተ ከሆንክ ምን ነክቶህ? አንተ ካልሆንክ ስምህ እዚያ ምን ይሠራል?

ፎቶ አትላኪ ብትለኝም የቦንትሌን ልኬልሃለሁ። አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። እያት፣ ከዚያም ምን እንዳየህ ጻፍልኝ።

ጋሌቦዌ


ሉዋንግዋ ሸለቆ
ኦገስት 21 ቀን 1994

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ። በጻፉልኝ ደብዳቤ በጣም ተደስቻለሁ። በሩ አሁንም እንደሚያቃስት በመስማቴ ሌሊቱን ስስቅ አደርኩ።

ስለ «ቶው» ለጠየቁኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሎዚዎች ስለሆኑ ምላሴ ተበላሽቷል። አይፍረዱብኝ።

እዚህ ንብ በል ወፎቹ መጥተዋል። የወንዙን ገደል በስተው ጎጆ ሲሠሩ ጫጫታቸው ሰው ከሰው አያነጋግርም። ጉማሬዎቹ ማታ ማታ ሲያንኮራፉ ድምፃቸው ውሃው ላይ ይንከባለላል። ነብሯ ከድንኳኔ ኋላ አልፋ ስትሄድ ሰማኋት፤ እንጨት በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ነው የምትመስለው። ሲነጋ ደግሞ ሣሩ ጠል ይጠጣና ሽታው ይለወጣል።

የቦንትሌ ፎቶ ደርሶኛል። እግዜር ያክብርዎ! ትራሴ ሥር ነው የማስቀምጠው፤ በየማታው አወጣዋለሁ። እንዴት ያለች ልጅ ሆናለች! ሰማያዊው ቀሚስ ተስማምቷታል። ስትስቅ ጥርሷ መሃል ያለው ፍንጭት እንዴት ያምርባታል! አባታችን ቢያያት ምን ይል ነበር?

ለከብቱ ነገር አሁንም ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስለ ቤቱ ሁሉ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሞጋፒ


ሞሌፖሎሌ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1994

ለማላውቅህ ሰው

ሰላምታ የለኝም። ለማን ልስጠው?

የላክሁልህ ፎቶ የቦንትሌ አይደለም። የሴሊና ልጅ ናት። ሆን ብዬ ነው። ፍንጭቷን አሞገስክልኝ፤ የእኔ ቦንትሌ ፍንጭት የላትም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷ ግጥም ያለ ነው። ሞጋፒ እህቱን በጀርባው አዝሎ ያሳደገ ልጅ ነው። ከሺህ ሰው መሃል በማጅራቷ ይለያታል። አንተ ግን በየማታው ከትራስህ ሥር የሰው ልጅ እያወጣህ «አባታችን ቢያያት» ትላለህ። የማን አባት?

ስለ አዞውም ጠይቄህ ነበር። ስለ ወፍ መለስክልኝ፣ ስለ ጉማሬ መለስክልኝ፣ ስለ አዞው አንዲት ቃል የለም። እንዳላነበብከው ሆነህ አለፍከው። ደግሞ እሱ ስለ አውሬ ሲጽፍ ቀለሙን ነበር የሚነግረኝ፤ ፀሐይዋ ከየት እንደመጣች፣ ጥላው የት እንዳረፈ። አንተ የጻፍከው ሁሉ ጩኸትና ሽታ ነው። ከድንኳንህ ወጥተህ አታውቅም፤ ሌሊት ተኝተህ የሰማኸውን ነው የምትቀባጥረው።

አሁን ስማኝ። የታማጋ ሰዎች ከብት ይዘው መጥተው ነበር። «ወንድሟ ሳይመጣ በረቴ አይከፈትም» ብዬ መለስኳቸው። አናጢው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ ቦንትሌ እስካሁን አታናግረኝም፣ ሰፈሩ «አሮጊቷ አበደች» ይላል። ይበል። የወንድሜን ልጅ ስም የሚበላ ሰው እያለ ሠርግ አልደግስም። ለፖሊስ ጣቢያው አለቃ ደብዳቤዎችህን አሳይቻለሁ፤ እሱም ለዛምቢያ እጽፋለሁ ብሏል።

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ግን እለምንሃለሁ። ይኸው ወረድኩልህ፣ እለምንሃለሁ። ልጄን ምን አደረግከው? ታሟል? ታስሯል? ወንዝ በልቶታል? ከሞተም ሞተ በለኝና የት እንደተቀበረ ንገረኝ። ከእሱ ሌላ የወንድሜ ነገር በእጄ የለም። ሌሊት በሩ ባቃሰተ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ እነሳለሁ። ይህን እንድታደርገኝ ምን በድዬህ ነው?

ጋሌቦዌ፣ የሞጋፒ አክስት


ሉዋንግዋ ሸለቆ
ኦክቶበር 15 ቀን 1994

አክስቴ፣ የልጅነቴ ቁንጥጫ

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ የእኔ አይደለም፤ አፉ ግን የእኔ ነው። ናሲሌሌ ትባላለች፤ ካምፑ ውስጥ የምትሠራ የሎዚ ልጅ ናት። ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ፣ «አንቺ» ስል «አንቺ» እንድትል አስምያታለሁ። እንዴት «እርስዎ» እንደገባ የሰማሁት ያንቺን ደብዳቤ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ስታነብልኝ ነው። ትልቅ ሰውን «አንቺ» ለማለት እጄ እምቢ አለኝ ትላለች።

አልሞትኩም። ዓይኔ ግን የለም።

በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ወንዝ ዳር የወደቀ ግንድ ነበር፤ ከሥሩ የወፍ ጎጆ አግኝቼ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሌንሴን አስተካክላለሁ። አጠገቡ መርዙን አርቆ የሚተፋው እባብ ተጠምጥሞ ኖሯል። ካሜራውን ወደ ጎን ባደርግበት ቅጽበት ሁለቱንም ዓይኔን ሞላብኝ። ውሃ እስካገኝ ድረስ መሬቱን በእጄ ዳበስኩ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። አሁን ቀኑንና ሌሊቱን በሙቀቱ ነው የምለየው።

እሷን ለምን ደበቅሽ እንዳትያት፣ እኔን ለምን ደበቅክ በዪኝ፤ መልሱን ግን አንቺም ታውቂዋለሽ። የዓይኔን ነገር ብጽፍልሽ ሞሌፖሎሌ በሙሉ በአንድ አፍ ምን ይላል? «አዞውን አየ» ይላል። አላየሁም አክስቴ። አንድም ቀን አላየሁም። ሰዎች ሲያዩ ፊቴን አዙሬያለሁ፣ የዓመቱ ፎቶ ሲያመልጠኝ ዝም ብያለሁ። ያልኩትን ጠብቄ ነው የታወርኩት፤ ይህ ነው ሌሊት የሚያንገበግበኝ። በእባብ የጠፋ ዓይኔ በአዞ ጠፋ ተብሎ እንዲወራ፣ አንቺም አምነሽ እንድታፍሪብኝ አልፈለግኩም። አንቺ ካመንሽ አበቃ።

ሥራውን የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው። እኔ አውሬው የት እንዳለ በድምፁ እነግራታለሁ፣ ፀሐይዋ ፊቴን ከየት በኩል እንዳሞቀችኝ እነግራታለሁ፤ እሷ ታነሳለች። ሄዝሌት ያውቃል። ስሜ ስለሚሸጥለት ከፎቶው ሥር የሚያትመው የእኔን ነው። የናሲሌሌ ስም የትም የለም፤ እሱም በደል ነው። የአዞው ፖስተር መኖሩን ግን ያንቺ የሴፕቴምበር ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ አላወቅኩም። በጁላይ የጻፍሽውን ስታነብልኝ ያንን ክፍል ዘላዋለች።

ሚስትህ ናት ወይ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ገና አልጠየቅኳትም። ይህንንም ራሷ ናት እየጻፈችው ያለችው፤ እጇ ቆም ሲል ሰምቻለሁ።

ስለ ፎቶው ላንሳልሽ። ልጅቷ የሴሊና ልጅ መሆኗን ስሰማ ከሁሉ በላይ የተሰማኝ ቁጣ አይደለም። በየማታው ናሲሌሌ ፎቶውን ይዛ «ሰማያዊ ቀሚስ፣ ክብ ፊት፣ ስትስቅ ፍንጭት» ትለኝ ነበር። እኔም በልቤ የማስታውሳትን ትንሿን ቦንትሌን ወስጄ ያንን ፊት አለበስኳት። ፍንጭቱን እንኳ «ኋላ የመጣ ይሆናል» ብዬ ተቀበልኩት። አሁን ልጅቷን ልመልስልሽ ብል እንዴት አወጣታለሁ? ቦንትሌን ሳስብ የሴሊና ልጅ ናት የምትስቀው።

ከብቱን ሌላ ሰው ይቀበል ያልኩትም ለዚሁ ነው። ማየት የማይችል ሰው በረት በር ላይ ቆሞ ምን ያደርጋል? ለታማጋ ሰዎች መሳቂያ አልሁን።

ሞጋፒ

እማማ፣ ናሲሌሌ ነኝ። ይህ የእኔ ነው፣ እሱ አላለውም። አዞውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የእኛ ሰዎች አዞን አይጨፍሩም፤ ነውርነቱን አላወቅኩም ነበር። ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጦ «ምን ታነሻለሽ?» ሲለኝ «ወንዙን» አልኩት። እርስዎ በጁላይ ሲጠይቁ ደግሞ ደንግጬ ዘለልኩት። ፖሊስ ከመጣ የሚይዘው እኔን ነው፤ ይይዘኝ። እሱ ግን አላየም።

(ከዚህ በታች ያለውን በራሱ እጅ ነው የጻፈው፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ ስለተደራረቡ እኔ ከጎኑ ደግሜ ጽፌዋለሁ፦ «ትሎው እንጂ ቶው አይባልም ብያታለሁ። ልጅሽ ነኝ።»)


ሞሌፖሎሌ
ኖቬምበር 12 ቀን 1994

ለልጄ ለሞጋፒ፣ ለአንቺም ለናሲሌሌ

ሰላምታዬ ከሁለታችሁ ጋር ይቀመጥ። ናሲሌሌ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት፤ እንዳትዘልዪ። ከዘለልሽ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደማውቅ አይተሻል።

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቦንትሌ ሮጣ መጣች፣ ወሰደችብኝ፣ አነበበችው፣ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ኡ ኡ ብለን አለቀስን፤ ኩርፊያዋም እዚያው ቀረ። አልሞትክም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። ዓይንህን ግን አለቀስኩለት፣ አሁንም አለቅስለታለሁ፤ ያንን ቀይ ዝሆን ያየ ዓይን።

በማግስቱ ሸንጎው ፊት ቆምኩ። ሴት መናገር ያለባት ስትጠየቅ ነው አሉኝ፤ «ጠይቁኝ እንግዲህ» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እባብ ነው፣ አዞ አይደለም አልኩ። ያ ራ-ትሺፖ ራሱን እየነቀነቀ «ልጅሽን ለማዳን ነው፤ ዓይን ዝም ብሎ አይጠፋም። አዞውን ሳያይ አልቀረም» አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ያኔ የጻፍከው ገባኝ። እኔ ራሴ ከዓመት በፊት እዚያ ብቀመጥ ከራ-ትሺፖ ቀድሜ የምለው ያንኑ ነበር።

ስለዚህ ተነስቼ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ሄድኩ። የፈለገ ይከተለኝ አልኩ፤ ብዙዎች ተከተሉኝ፣ ራ-ትሺፖም ጭምር፣ እሱ በር ላይ ፊቱን አዙሮ ቀረ። እኔ ገብቼ ፖስተሩ ፊት ቆምኩና አዞውን አየሁት።

«ትታወሪያለሽ!» አለኝ ከውጭ።

«ጠብቅና እይ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። መድኃኒት ሻጩ መጀመሪያ «ዛሬስ ፍየሏ ምን ሆነች?» ይለኝ ነበር፤ አሁን ወንበር ያወጣልኛል። ሰዎች ገበያ ሲሄዱ በመስኮት ያዩኛል፤ በመንገድ ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚያዩት ዓይኔን ነው። እኔም ደህና አድርጌ ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። መርፌዬ ውስጥ ክር የማስገባው አሁንም ያለ መነጽር ነው። አንድ ቀን ብቻ ዓይኔ ሲያነባ ዋለና ሴሊና ደነገጠች፤ ያ ግን ሽንኩርትም አልነበረም፣ አዞም አልነበረም።

በዚህ ሳምንት አንዱ «ያ ልጅ በእባብ የታወረው» ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ። በእባብ አለ።

የሴሊናን ልጅ የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ የምመልሰው። ቦንትሌ አጠገቤ ቆማለች። ረዘም ብላለች፣ ከእኔ ራስ በላይ ናት። ፊቷ ክብ አይደለም፤ አገጯ ሾል ያለ ነው፣ እንደ አባትህ። ጥርሷ ግጥም ያለ ነው። ስትስቅ አሁንም አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ይህን ስጽፍ እየሸፈነች ነው። ድምፅዋ አልወፈረም። ሌላውን ስትመጣ በእጅህ ፊቷን ዳስሰህ ታየዋለህ፤ እሷ ራሷ ናት እንዲህ በዪው ያለችኝ።

ለታማጋ ሰዎች መልእክት ልኬላቸዋለሁ። ከብቱን ዝናቡ ሲገባ መልሰው ያመጣሉ። በረት በር ላይ የምትቆመው አንተ ነህ። አናጢው ልጅ ከብቱን አንድ በአንድ በፊትህ ያሳልፍልሃል፣ አንተም ጀርባቸውን በእጅህ ትዳስሳለህ። የከሳ ካለ ከዓይን ይልቅ እጅ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚፈሩት እነሱ ናቸው እንጂ የሚስቅ የለም። ለፖሊሱ አለቃ ነገሩ ቀርቷል ብዬዋለሁ። ናሲሌሌ ይዛህ ትመጣለች። እሷን ለምኚልኝ እስክትለኝ አልጠብቅም፤ ለእሷ የሚላከውን ሽማግሌ አፈላልጋለሁ፣ የሎዚ ቋንቋ ግን ይቸግረኛል። ካሜራውንም ታምጣ። ከብቱን ታነሳለች፣ ከሥሩም የራሷን ስም ትጽፋለች።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አንተ ያላየኸውን እኔ አይቼዋለሁና ልንገርህ። በአሸዋው ላይ ተኝቷል። ፀሐይዋ ከግራው በኩል ነው የመጣችው፣ ጥላው ውሃው ላይ አርፏል። ጀርባው ከዝናብ በኋላ እንዳለ ድንጋይ ነው፣ ጥቁርም አረንጓዴም። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ የተቆጣ ግን አይመስልም። ዓይኑ ቢጫ ነው። እንዴት ያምራል መሰለህ፣ ልጄ። በሩን ዘይት አልቀባሁትም፤ ስትመጣ እንድሰማው ነው።

አክስትህ ጋሌቦዌ